ከወያላነት ወደ ሾፌርነት

አዲስ አበባ እያለሁ ወያላ ነበርኩ፣ ከሜክሲኮ ሳሪስ። ቀኑን ሙሉ መውጣት መውረድ፣ መጮህ፣ ሒሳብ መሰብሰብ፣ ታክሲው ሲሞላ ደግሞ ጎብጦ መቆም። ያኔ ሕልሜ ሾፌር ሆኜ ቁጭ ማለት ነበር። ይኸው ተሳካልኝ፤ ዋሽንግተን ዲሲ በቀን 11 ሰዓት ቁጭ እላለሁ። ወገቤን ግን አትጠይቁኝ።

በቀደም አንድ ተሳፋሪ ወገቤን ስይዝ አይቶ ስለ ለንደን አውቶቡሶች አጫወተኝ፤ ቤት ገብቼ አነበብኩት። ጄሪ ሞሪስ የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳተመው ጥናት ነው። ባለ ሁለት ፎቁ አውቶቡስ ላይ ሾፌሩ ተቀምጦ ይውላል፣ ትኬት ቆራጩ ደረጃ ሲወጣ ሲወርድ ይውላል። የልብ ሕመም በብዛት የተገኘው ሾፌሮቹ ላይ ነው። ሞሪስ ኋላ የደንብ ልብሳቸውን ልክ ሳይቀር አይቷል፣ የሾፌሮቹ ሱሪ ወገቡ ሰፋ ይላል። የእኔን ሱሪ ያየ ነው የሚመስለው!

እዚህ የማመላልሳቸው የቢሮ ሰዎች ነገሩ ገብቷቸዋል። ቆመው የሚሠሩበት ጠረጴዛ አላቸው፣ የእጅ ሰዓታቸው "ተነሥ" ይላቸዋል፣ ማታ ደግሞ ከፍለው ጂም ገብተው ባሉበት ይሮጣሉ። ለመራመድ መክፈል! መጀመሪያ ስቄባቸው ነበር።

አገር ቤት ስሄድ ግን ወንድሜን አየሁት፣ ኃላፊ ሆኗል። ከጎን ክፍል ፋይል ሲፈልግ ደወል ይጫናል። ጡረታ የደረሱ ተላላኪ እናት ሦስት ፎቅ ወርደው ሻይ ያመጡለታል። እሳቸው ሽንጣም፣ እሱ ቦርጫም። "ራስህ ሄደህ ብታመጣውስ?" ስለው፣ "ሰው ምን ይለኛል?" አለኝ። እውነቱን ነው፣ እኛ ዘንድ ሥልጣንም ስሙ ወንበር አይደል? ቦርጩንም ዘመድ አዝማዱ "ተመችቶሃል" እያለ ይመርቅለታል። መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ማለዳ የሚሮጠው ሕዝብ በነፃ ነው የሚሮጠው፣ የሱ ቤት ደግሞ እዚያው አጠገብ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። እኔ ኤርፖርት ተራ ስጠብቅ ከመኪናው እየወረድኩ ሠልፉን መዞር ጀምሬያለሁ። ከመኪናቸው የማይወርዱት የአበሻ ሾፌሮች መስታወት ዝቅ አድርገው ይጮሁብኛል፦

"ሳሪስ! ሳሪስ! አንድ ሰው የቀረው!"