ሎሚና ጥብስ ሜርኩሪን ከዓሣ አያስወጡም

በሐዋሳ አሞራ ገደል ስለሚሸጠው ዓሣ በተነሣው ውይይት፣ «ሜርኩሪ ቢኖርበትም በሎሚ ታሽቶ በደንብ ከተጠበሰ ይጠፋል» የሚል አስተያየት እየተደጋገመ ነው፤ በቅንነት የተጻፈ ቢሆንም ትክክል አይደለም። ሜቲል ሜርኩሪ (መርዛማው ብረት ሜርኩሪ በዓሣ ውስጥ በአብዛኛው የሚገኝበት መልክ) ከዓሣው ሥጋ ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ ሎሚም እሳትም አያስለቅቁትም፤ እንዲያውም ሲጠበስ ውኃው ስለሚተን፣ በኪሎ ሲሰላ መጠኑ ከፍ ሊል ይችላል። (ማብሰል ጥገኛ ተውሳክን ስለሚገድል ግን ሊተው አይገባም።) ማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው ከአንድ ዓሣ ሁለት ቁራጭ ወስዶ፣ አንዱን ጥሬውን ሌላውን ጠብሶ በላቦራቶሪ ቢያስመረምርና የተነነውን ውኃ ቢያሰላ፣ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አያገኝም። እጅግ የሚያሳስበኝ፣ ሜርኩሪ የፅንስን አንጎል ስለሚጎዳ፣ ነፍሰ ጡር እናቶች በዚህ አባባል ተማምነው የዓሣውን ዓይነትና መጠን ሳይመርጡ መብላታቸው ነው፤ ሌሎች ዓሦችን እየበላ ያደገ ትልቅ ባርበስ የተባለ የዓሣ ዓይነት፣ በአብዛኛው አልጌ ከሚመገበው ቆሮሶ (ቲላፒያ) የበለጠ ሜርኩሪ ያከማቻል።