7 ሺህ ዶላር ብቻ!

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ወዳጄ ፊልም አገኘ። “አየ” እንዳላልኩ ልብ በሉ። ማየትማ ማንም የሚያደርገው ተራ ነገር ነው። እሱ ግን አገኘ፤ ፊልሙ አፈር ለብሶ ኖሮ ወዳጄ በጥፍሩ ቆፍሮ ያወጣው ይመስል። እናንተም ዘንድ እንዲህ ያለ አግኚ እንደማይጠፋ አውቃለሁ፤ ስልክ ደውሎ “ማንም ያላየው ፊልም አለኝ” የሚለው እሱ ነው። ይህ ጽሑፍ ለእሱና ለመሰሎቹ የቀረበ ምስጋና ነው። እነሱ ባይኖሩ እኮ ትናንሽ ፊልሞች ሁሉ በሠሪዎቻቸውና በተመልካቾቻቸው እጅ ብቻ ቀርተው ነበር።

የተገኘው ፊልም “ፕራይመር” ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካው የሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞቹን ታላቅ ሽልማት ወስዷል፤ ወዳጄ እስኪደርስለት ድረስ ከሃያ ዓመት በላይ በአደባባይ ተደብቆ ኖሯል ማለት ነው። ገና ሳልቀመጥ “ስንት እንደፈጀ ታውቃለህ?” አለኝ። ስለ ምን እንደሆነ ብጠይቀው ጆሮም አልሰጠኝ። “7 ሺህ ዶላር! 7 ሺህ ዶላር ብቻ!”

ፊልሙ 77 ደቂቃ ነው። እኛን አራት ሰዓት ከሩብ ፈጀብን። ጸሐፊው፣ ዳይሬክተሩ፣ ተዋናዩ፣ ኤዲተሩና የሙዚቃው ደራሲ አንድ ሰው ነው፤ ወዳጄም ለአምስቱም ሙያ በየተራ እያቆመ ክብር ሰጠ። ለመቅረጫ የሚሆነው ጥሬ ፊልም ውድ ስለነበር አብዛኛው ትዕይንት የተቀረጸው አንዴ ብቻ መሆኑን ነገረኝ፤ አንዴ ብቻ የተቀረጸ መሆኑን በደንብ እንዳየው ደግሞ አራት ጊዜ እየመለሰ አሳየኝ። ተዋንያኑ ሲነጋገሩ እሱ ይናገራል። እነሱ ዝም ሲሉ ያኔም እሱ ይናገራል፤ ዝምታው ስንት ዶላር እንዳዳነ ሲያስረዳኝ። ጋራዥ በታየ ቁጥር “የተከራዩት እንዳይመስልህ!” ይላል። ሸሚዝና ክራቫት ሲያይ “የራሳቸው ልብስ ነው!” ብሎ በክርኑ ይጎስመኛል። አንድ ጊዜ ለመጸዳዳት ልነሳ ስል “እዚህ ጋ እንዳትወጣ፣ እዚህ ጋ ምንም ወጪ የለም!” ብሎ እጄን ይዞ አስቀመጠኝ።

ከጭቅጭቁ መሐል ለቅሜ እንደተረዳሁት ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ሁለት መሐንዲሶች ጋራዥ ውስጥ ሌላ ነገር ሲሞክሩ ሳያስቡት ሰውን በጊዜ ወደ ኋላ የሚመልስ ሳጥን ይሠራሉ። ሳጥኑ ግን ሕግ አለው፤ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መመለስ የፈለገ ሰው ስድስት ሰዓት ውስጡ መቀመጥ አለበት። እኔም ሒሳቡን ሠራሁት። አራት ሰዓት ከሩብ ጨለማ ሳጥን ውስጥ ተኮራምቼ ብቀመጥ የወዳጄን በር ሳላንኳኳ ወደነበርኩበት ሰዓት እመለሳለሁ። ያዋጣል! ደግሞ ሳጥኑ አይናገርም።

ፊልሙ ሲያልቅ የሠሪዎቹ ስም መውረድ ጀመረ፤ ወዳጄ ወዲያው አጠፋው። ቀጣዩን ጥሩ ፊልም የሚፈልግ ሰው ካሜራውን ማን ያዘ፣ ድምፁን ማን ቀዳ ብሎ እነዚያን ስሞች ይከተላል፤ ዛሬ የማንም ፊልም ላይ ድምፅ የሚቀዳ ልጅ ነገ የራሱን ይሠራልና። አግኚ ግን ስም አያነብም፤ ዋጋ ነው የሚያነበው።

“ወደድከው?” አልኩት።

“በ7 ሺህ ዶላር እኮ ነው!”

ይህች መልስ ታናሽ እህት አለቻት፤ “እንደ በጀቱ ጥሩ ነው” ትባላለች። ለአንድ ሰው “እንደ ፊትህ ደህና ሙሽራ ወጣህ” እንደ ማለት ያለች ሙገሳ ናት። ሌላው የአግኚ ዝርያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው “ታንጀሪን” በአይፎን 5ኤስ መቀረጹን የሰማ ዕለት ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ በሐዘኔታ የሚያየው ነው። “እኔም እኮ ስልክ አለኝ” ይላል። ስልኩ ላይ የተገጠመውን ሌንስ አልሰማም፤ ከስልኩ ጀርባ የቆመውን ዓይን የትኛው ሱቅ እንደሚሸጥም አልጠየቀ። አራተኛ ዓመቱን ስልኩን እያየ ነው።

ከሁሉም ግን የሠሪውን መከራ ሲያወሩ ነው የሚያምርባቸው። የ“ኤል ማሪያቺ” ዳይሬክተር ሮበርት ሮድሪጌዝ ገንዘብ ቢያጣ ሰውነቱን ለመድኃኒት ሙከራ ሰጥቶ ከበጀቱ ከፊሉን አገኘ። ህንዳዊው ዳይሬክተር ሳትያጂት ሬይ “ፓተር ፓንቻሊ”ን ለመጨረስ የሚስቱን ጌጥ አስያዘ። አግኚዎቻችን ይህን ሲተርኩ ዓይናቸው ይበራል፤ “እንዴት ደስ ይላል!” ይላሉ። የሚስቱ ጌጥ ስለሆነ።

ወዳጄን ፊልሙን ከየት እንዳመጣው ጠየቅኩት። “አንድ ልጅ በነፃ አወረደልኝ” አለ፤ አፉን ሞልቶ።

እዚህ ላይ ቀልዱ ይቅር። 7 ሺህ ዶላር ማለት ሳይከፈላቸው የሠሩ ሰዎች ደሞዝ ከሒሳቡ ውስጥ የለም ማለት ነው። የምታጨበጭቡለት ቁጥር ያልተበላ ምሳና ያልተከፈለ ቀን ድምር ነው። ቻርልስ በርኔት “ኪለር ኦፍ ሺፕ”ን ከ10 ሺህ ዶላር ባነሰ ገንዘብ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሠራ፤ የዘፈኖቹን ፈቃድ የሚከፍልለት ጠፍቶ ፊልሙ በወጉ ሲኒማ ቤት የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ኃይሌ ገሪማ “ሳንኮፋ”ን አከፋፋይ አልቀበለው ሲል ራሱ ሲኒማ ቤት እየተከራየ አሳየ። በር ላይ ተሰልፎ ቲኬት የቆረጠው ሰው “አገኘሁ” ብሎ አላወጀም፤ ከፍሎ ገባ፣ አየ፣ ለጎረቤቱ ነገረ። እናንተ ግን የሰውዬውን ድህነት ታደንቃላችሁ፣ ሥራውን ሰርቃችሁ ታያላችሁ፣ ቀጥሎ ለምን ሌላ ፊልም እንዳልሠራ ትገረማላችሁ። ዓይን አውጣነት ነው!

ይቅርታ፤ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

አግኚ ለፊልሙ ታማኝ ነው፤ ሌላ ሰው እስኪያየው ድረስ። ለወዳጄ ሰኞ ዕለት የሥራ ባልደረባዬም “ፕራይመር”ን እንዳየችና እንደወደደችው ነገርኩት። ስልኩ ውስጥ ረጅም ዝምታ ሆነ። “እሱማ አሁን ተበላሸ” አለኝ። አንድም ምስል አልተነካም፤ ግን ተበላሽቷል።

ኀሙስ ግን ሐዘኑ ለቆት ደወለ። “ሌላ አገኘሁ!”

“ስለ ምንድን ነው?”

“በ6 ሺህ!”

የ“ኦፐንሃይመር” ዳይሬክተር የክሪስቶፈር ኖላን የመጀመሪያ ረጅም ፊልም “ፎሎዊንግ” ነው፤ እ.ኤ.አ. የ1998። እንዲህ ያለ ስሙ የማይታወቅ ሰው ከየት እንደሚያገኝ እሱ ብቻ ያውቃል። “አጭር ናት፣ 69 ደቂቃ” ብሎ አጽናናኝ፤ ቀጥሎም ሠሪዎቹ ሁሉ ሥራ ስለነበራቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ እየቀረጹ አንድ ዓመት ገደማ እንደፈጀባቸው ተረከልኝ።

“እኛም እንደነሱ ቅዳሜ እንጀምራት” አለ።