«ሯጭ ካልሆንክ ለምን ትሮጣለህ?»

ላቤ ገና አልደረቀም። ሻወርም አልወሰድኩም፣ ውሃ የለማ። ዛሬ የሰፈራችን ተራ ነበር፣ አልመጣም። እሱ ሌላ ብሶት ነው፣ ሌላ ቀን እመለስበታለሁ። ይሄን ሳልጽፍ ከዋልኩ ግን እፈነዳለሁ።

ዛሬ ምን እንደነበረብኝ ታውቃላችሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ጆሯችሁን አደንቁሬዋለሁ። 30 ኪሎ ሜትር! በሕይወቴ የመጀመሪያው። ማራቶኑ አምስት ሳምንት ቀርቶታል። ሌሊት 10 ሰዓት ተኩል ተነስቼ በሶ በጠበጥኩ። ብሽሽቴን ቫዝሊን ቀባሁ (ያልቀባ ሰው ማታ ሻወር ስር ሲገባ ይገባዋል)። የቁምጣዬ ኪስ አንዲት ናት። እሷም የቤት ቁልፍና አራት ቴምር ይዛ ሞላች። ስልኬን ቤት ተውኩ። ባለፈው ዓመት በሞተር የመጡ ልጆች ምን እንዳደረጉኝ አልረሳሁም። መታወቂያዬም ስልኬ ውስጥ ነው ያለው። ይቺን ያዙልኝ።

11 ሰዓት ተኩል ላይ ወጣሁ። እስከ 19ኛው ኪሎ ሜትር ድረስ እንደ ንጉሥ ነበርኩ። እሺ፣ እንደ ንጉሥ አልነበርኩም። ግን በሕይወት ነበርኩ።

19ኛው ላይ ያቺ በር አለች። የማን ግቢ እንደሆነ አልናገርም፣ በዚያ ያለፈ ያውቃታል። ሦስት ወር ሙሉ በየእሁዱ አልፌባታለሁ፣ ማንም ዞር ብሎ አይቶኝ አያውቅም። ዛሬ አዲስ ጥበቃ መድበዋል።

«ቁም!»

ቆምኩ።

«ወዴት ነው?»

«እየሮጥኩ ነው።»

«እሱማ አየሁ። ከምን?»

ከምን! ዞር ብዬ ከኋላዬ አየሁ እኮ። ሰውዬው እንዲህ በእርግጠኝነት ሲጠይቀኝ ምናልባት የሆነ ነገር እያባረረኝ ይሆን ብዬ።

«ከምንም። ልምምድ ነው።»

«መታወቂያ።»

«ቤት ነው። ጋሼ፣ በቁምጣ እኮ ነው ያለሁት፣ የት አደርገዋለሁ?»

ከላይ እስከ ታች አየኝ። ጫማዬን፣ ቁምጣዬን፣ ሆዴን። ሆዴ ላይ ትንሽ ቆየ።

«ሯጭ ነህ?»

የተሳሳትኩት እዚህ ጋ ነው። አዎ ብል አልፌ ነበር። ግን እናቴ ያሳደገችኝ በትሕትና ነው፣ ምን ላድርግ። «አይ፣ ሯጭ እንኳን አይደለሁም» አልኩት።

«ሯጭ ካልሆንክ ለምን ትሮጣለህ?»

ወገን፣ ይሄን ጥያቄ እሱ ብቻ ቢጠይቀኝ በዕድሜው እምረው ነበር። የዚህ አገር ሰው ሁሉ ጥያቄ ነው! መሥሪያ ቤት ማራቶን ልሮጥ ነው ያልኩ ቀን የመጀመሪያው ጥያቄ ምን ነበር? «ስንተኛ ትወጣለህ?» ሁለተኛው፣ «ሽልማቱ ስንት ነው?» ሽልማት የለውም፣ እንዲያውም ከፍዬ ነው የተመዘገብኩት ስላት ሂሳብ ክፍል ያለችዋ ልጅ «ከፍለህ?!» አለች። ከፍለህ ትገረፋለህ ወይ ያለች ነው የሚመስለው። አጠገቧ ያለው ደግሞ ስልኩን አውጥቶ ፈለገና «ቀነኒሳ በርሊን ላይ በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ጨርሷል» ብሎ አነበበልን። «አንተ በስንት ልትጨርስ ነው?» 5 ሰዓት ካልሞላ ደስ ይለኛል አልኩ። «መንገድ ላይ ምሳ ትበላለህ?» አለኝ። ሳምንቱን ሙሉ በኮሪደሩ ሳልፍ «ምሳ ቋጠርክ?» ስባል ከረምኩ።

ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ በዚህ አገር ሯጭ አለ፣ የሚሮጥ ሰው ግን የለም። ወይ ባንዲራ ታሰቅላለህ፣ ወይ ቤትህ ቁጭ ትላለህ። መሃል ላይ ምንም የለም። ለንደንና ኒውዮርክ ከ50 ሺህ በላይ ሰው ነው ማራቶን የሚጨርሰው። ያ ሁሉ ሕዝብ ሯጭ ነው? አስተማሪ ነው፣ ሹፌር ነው፣ ጡረተኛ ነው። እየተንቀረፈፈ ይገባል፣ ሜዳሊያ አንገቱ ላይ ይጠልቅለታል፣ ቤቱ ሄዶ እግሩን ይዘፈዝፋል። እኛ ጋ እንዲህ ያለው የሚፈቀደው ኅዳር ላይ፣ በታላቁ ሩጫ ብቻ ነው። ያን ቀን ቲሸርቱን ለብሰህ 10 ኪሎ ሜትሩን በእስክስታ ብትጨርሰው ማንም ለምን አይልህም። በማግስቱ ብቻህን ስትሮጥ ካዩህ ግን ወይ ሌባ ነህ፣ ወይ ዘመድ ሞቶብሃል።

ወደ በሩ ልመለስ።

ዝም ብዬ ቆሜ ላቤ እየበረደ ነው። ጉልበቴ መተሳሰር ጀምሯል። ሰውዬው ወደ ውስጥ ተጣራ። ሌላ ጥበቃ መጣ፣ ቀጠን ያለ፣ ረጅም፣ ሽበት የጀመረው። ጋቢውን አጣፍቶ ሻዩን ይዟል።

«ይሄ ልጅ ይሮጣል፣ ግን ሯጭ አይደለሁም ይላል።»

ባለ ሻዩ እግሬን አየ። ፊቴን እንኳ አላየውም።

«አስር ኪሎ በስንት ትገባለህ?»

«በአንድ ሰዓት ከሁለት ደቂቃ።»

ዝም አለ። ሻዩን ፉት አለ።

«አስር ነው እኮ ያልኩህ። አስራ አምስት አይደለም።»

«አስር ነው ጋሼ።»

ሰውዬው ለካ የድሮ ሯጭ ነው! ክለብ የነበረ፣ ጃንሜዳ አገር አቋራጭ የሮጠ። እሱ በወጣትነቱ በ31 ደቂቃ ይገባ ነበር። ይሄን ሲነግረኝ እንኳ አልኮራም፣ እንዲያው የቀበሌውን ቁጥር እንደሚነግረኝ ነው የነገረኝ። በከተማው ካሉት በሮች ሁሉ መርጬ የቆምኩት የሯጭ ደጃፍ ላይ! ከዚያ ምን አለ?

«እስቲ እስከዚያ ፖል ሩጥና እንይህ።»

እና ሮጥኩ። አትሳቁ። 19 ኪሎ ሜትር በእግሬ ይዤ፣ ለሁለት ጥበቃና ለአንዲት ቅዳሴ ለምትሄድ እናት ትርኢት አሳየሁ። ሄድኩ፣ ፖሉን ነክቼ ተመለስኩ። ፖሉን ለምን እንደነካሁ አላውቅም። ማንም ንካ አላለኝም።

ባለ ሻዩ ፍርዱን ሰጠ። ለእኔ እንኳ አይደለም፣ ለጓደኛው ነው የነገረው።

«ልቀቀው። ይሄ ሌባ አይደለም። በዚህ እግሩ ሰርቆ የት ይደርሳል?»

እናትየዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ሳቋን ስትደብቅ አይቻታለሁ። እኔ ደግሞ፣ ሞኙ፣ «አመሰግናለሁ» አልኩ። አመሰግናለሁ! ሌባ ለመሆን እንኳ አትበቃም ላለኝ ሰው!

ልሄድ ስል ጠራኝ። «አንተ ልጅ። ትከሻህን ጣል። ተኮራምተህ ነው የምትሮጠው። እጅህንም ደረትህ ላይ አታማታ፣ አላላው።» ያኛው ደግሞ ጨመረበት፦ «አበበ ቢቂላም እንደኛ ዘበኛ ነበር፣ ታውቃለህ?» ክቡር ዘበኛ ነበር እንጂ እንዳንተ የግቢ በር ላይ ሰው አያስቆምም ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። መታወቂያ የለኝም። ዋጥኩት።

አበበ ካልኩ ደግሞ ይሄም አለብኝ። ጉልበቴን አመመኝ ያልኩ ቀን አጎቴ ምን እንዳለኝ ታስታውሳላችሁ። «አበበ ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ በጥቂት ሳምንቱ ቶኪዮ ላይ አሸንፏል፣ አንተ ጉልበቴን ትላለህ።» ጫማ ውድ ነው ስል፣ «አበበ በባዶ እግሩ ነው የሮጠው።» እሺ፣ ሮም ላይ፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። አውቃለሁ፣ ሁላችንም ከጡት ጋር ጠብተነዋል። ግን አጎቴ ስለ ሜክሲኮ ለምን አያወራም? ሜክሲኮ ላይ አበበ 17 ኪሎ ሜትር አካባቢ እግሩን አሞት አቋርጦ ወጥቷል። ያሸነፈው ማሞ ወልዴ ነው። አበበን የሚያህል ሰው እግሩን ሊያመው ከተፈቀደለት እኔን ምን አለበት? እስቲ ምን አለበት?

ጫማውማ… የዋጋውን ነገር አታንሱብኝ። የወር ደመወዜ ነበር። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው ብሮ» ብሎ ማለልኝ። በሁለተኛው ወር ሶሉ እንደ እንጀራ ጠርዝ ተነስቶ ቀረ። ማስቲሽ ገዝቼ እኔው ለጠፍኩት። ዛሬ 24ኛው ላይ ቀኙ ተመልሶ ተላቀቀ። ቸብ፣ ቸብ፣ ቸብ እያለ አያት ሰፈርን አቋረጥኩ። ውሾቹ ከሩቅ ሰምተው ተቀበሉኝ። ለውሾቹ ድንጋይ ያነሳሁ መስዬ ጎንበስ አልኩና ቀና ማለት አቃተኝ። እነሱም ግራ ገብቷቸው ትተውኝ ሄዱ።

ደግሞ ይሄ ከስልክ ያወረድኩት ዕቅድ! የጻፈው ሰውዬ ባሕር ዳርቻ ቁጭ ብሎ ነው የጻፈው። «ለጥ ባለ ሜዳ ላይ፣ እያወራህ መሮጥ በምትችልበት ፍጥነት» ይላል። አዲስ አበባ ላይ ለጥ ያለ ሜዳ ያየ ይንገረኝ። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ከአንድ አሮጌ አይሱዙ ጭስ ጀርባ፣ ከማን ጋር ነው የማወራው? ፈረንጆቹ ለዚህ አየር ሲሉ ብር ከፍለው ሱሉልታ ድረስ ይመጣሉ። እኔ በነጻ እየማግኩት መተንፈስ አቅቶኛል። ባለፈው ዳቦ ሊገዛ የተላከ ልጅ፣ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው፣ በነጠላ ጫማ አጠገቤ እየሮጠ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ያወራኝ ነበር። «ጋሼ፣ የት ነው የምትሄደው? ጋሼ፣ ለምን ታክሲ አትይዝም?» መልስ ልሰጠው ትንፋሽ አልነበረኝም። ዳቦውን ይዞ ተመልሶ ዳገቱ ላይ ሲያገኘኝ አሁንም እዚያው ነበርኩ ማለት ይቻላል። «ጋሼ፣ አልደረስክም?»

አልደረስኩም። ምን ይሁን?

ከሁሉ ያንገበገበኝን ገና አልነገርኳችሁም። በሩ ጋ ሰዓቴን ማቆም ረሳሁ! 11 ደቂቃ፣ ቆሜ። ያቺ እስከ ፖሉ ድረስ የሮጥኳት ትርኢት ሁለት መቶ ሜትር ብትሆን ነው። ስትራቫ ላይ (ሩጫችንን የምንመዘግብበት አፕ) 20ኛው ኪሎ ሜትር 18 ደቂቃ ይላል። ገና ቤት ከመግባቴ አንዱ ከመካከላችሁ (ስምህን አልጠራም፣ ራስህን ታውቃለህ) «ኤሊ አልፋህ ሄደች?» ብለህ ጽፈሃል። አላለፈችም። ኤሊም መታወቂያ ተጠይቃ ቆማ ነበር።

30ዋን ግን ጨረስኳት። 3 ሰዓት ከ51 ደቂቃ፣ ከነጥበቃው። ደረጃውን በቂጤ ነው የወጣሁት። እናቴ በሩን ከፍታ «ውይ ልጄን፣ ምን በላብኝ ይሄ ሩጫ» አለችና ግማሽ እንጀራ ሽሮ ፊቴ አስቀመጠች። ከሳህ ትላለች፣ ጥበቃው ሆዴን ሲያይ ብታየው።

አሁን ደግሞ የሚያናድደኝ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ማንም ግን ለመሥሪያ ቤት ሰው እንዳይነግር። ከበሩ በፊት የነበሩትን ኪሎ ሜትሮች ሳያቸው 7 ደቂቃ ከ20፣ 7 ደቂቃ ከ25 እያሉ ነው የመጡት። ከበሩ በኋላ ጫማው እስኪላቀቅ ድረስ 7 ከ5፣ 7 ከ2፣ አንዷማ 6 ከ58። ትከሻዬን ጥዬ ነበራ! በንዴት ነው የጣልኩት፣ ግን ጣልኩት። ጥፍሬ ጠቁሯል፣ ብሽሽቴ ተልጧል፣ ትከሻዬ ብቻ ምንም አላለኝም። ሦስት ወር ሙሉ ከሩጫ በኋላ ማጅራቴን የሚይዘኝ ትራሱ ነው ብዬ ትራስ ቀይሬያለሁ እኮ።

የሚቀጥለው እሁድ 32 ነው። መንገድ ልቀይር ብዬ ካርታውን አገላበጥኩት። በአንዱ በኩል ተቆፍሯል፣ በሌላው ውሾቹ ናቸው፣ በሦስተኛው መሥሪያ ቤት የምታውቁት ሰውዬ ነው የሚኖረው፣ ምሳ ቋጠርክ የሚለኝ። የቀረው በሩ ብቻ ነው። ባለ ሻዩ ከኋላዬ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? «እሁድ እኔ ነኝ ተረኛ። እጅህን አያለሁ።»

መታወቂያዬን አሳትሜ፣ ላሚኔት አስደርጌ፣ በጫማ ክር አንገቴ ላይ አንጠለጥላታለሁ። ማስቲሽም መግዛት አለብኝ። ጠንካራ ማስቲሽ የት እንደሚሸጥ የምታውቁ…

ቆይ። ቧንቧው ፉጨት ጀመረ። ውሃ መጣ መሰለኝ። ባልዲ ልደቅን ሄድኩ፣ መነሳት ከቻልኩ።