ጥሩ ጋይሮ ስትፈልጉ መጀመሪያ ዘንጉን እዩ

አሜሪካ ለሚኖር ሐበሻ ጋይሮ፣ ያ በዘንግ ላይ እየዞረ የተጠበሰ ሥጋ በዳቦ ተደርጎ የሚበላው፣ እንግዳ ምግብ አይደለም። ሌሊት ታክሲ የሚነዳው ያውቀዋል። ሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ የምትሠራዋም ታውቀዋለች። ቶሎ ይደርሳል፣ ያጠግባል፣ እጅ ላይ ይያዛል። ችግሩ የጋይሮ ቤት በየመንገዱ ሞልቶ ጥሩ ጋይሮ ግን ብርቅ መሆኑ ነው። "እዚህ ሰፈር ጥሩ ጋይሮ የት ይገኛል?" ብላችሁ ብትጠይቁ የአንድ ቤት ስምና ስንት ኮከብ እንዳለው ይነግሯችኋል። እኔ ግን ስሙንም ኮከቡንም ለጊዜው ተዉት እላለሁ። በሩን ገብታችሁ ዘንጉን እዩ።

ዘንግ ያልኩት ሥጋው ተሰክቶ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ የሚሽከረከርበትን ብረት ነው። እሳቱ ከሥር አይደለም፤ ከጎን ነው። ሥጋው ቀስ እያለ ሲዞር የውጭው ገጽ ይጠበሳል። ስቡ ቀልጦ ወደ ታች እየወረደ ሥጋውን ያወዛዋል። ባለቢላው የተጠበሰውን ገጽ ብቻ ስስ አድርጎ ይልጠዋል። ከዚያ ከሥሩ ያለው ለእሳቱ ይጋለጥና እሱም በተራው ቡናማ እስኪሆን ይጠበቃል። የጋይሮ ጣዕም ያለው እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ጎኑ የሚንኮሻኮሽ፣ ሌላው ጎኑ ለስላሳና ወዛም መሆን አለበት። ሁለቱ አንድ ጉርሻ ውስጥ ካልተገናኙ ቅመም ቢበዛበትም ዋጋ የለውም።

እንግዲህ ብዙ ቤቶች ጋይሮ ብለው የሚሸጡት ከዘንግ የወረደ አይደለም። ፋብሪካ ውስጥ በስሎ፣ ተቆርጦ፣ በረዶ ሆኖ በካርቶን የመጣ ሥጋ ነው። ምጣድ ላይ ጣል ይደረጋል፤ ይሞቃል፤ ዳቦ ውስጥ ይገባል። ቁራጮቹ ሁሉ እኩል ናቸው፤ ውፍረታቸውም መልካቸውም አንድ ነው። በቅርቡ አንድ ቤት ዘንግ ሳላይ ቀርቼ ባንኮኒው ላይ ያለችውን ልጅ ጠየቅኳት። "ተቆርጦ ነው የሚመጣልን" አለችኝ፤ ሳትደብቅ። ልጅቷን አመሰገንኩ፤ ሌላ ነገር አዝዤ በላሁ። የሚያሳዝነኝ ምናሌው ላይ ያለው ፎቶ የሚሽከረከር ሥጋ መሆኑ ነው። ደንበኛው የሚከፍለው ለዚያ ፎቶ ነው።

አገር ቤት ሥጋ ቤት ስንገባ የተሰቀለውን አይተን ነው የምናዘው። ከሻኛው ይሁን ከጎድኑ እንመርጣለን፤ ዓይናችን ሥር ይቆረጥልናል። ባለ ሥጋ ቤቱም አይከፋም። ያ ልማድ ባሕር ሲሻገር ለምን እንደሚጠፋ አይገባኝም። ጋይሮ ቤት ገብተን ቁጥር ጠርተን ከማዘዝ፣ አንገታችንን ቀና አድርገን ሥጋውን ብናየው ነውር የለውም።

ዘንግ መኖሩ ብቻውን ግን አይበቃም። እየዞረ ነው ወይ? እሳቱ በርቷል ወይ? ሥጋው ላይ የሚታየው ገጽ ቡናማ ነው ወይስ ደርቆ ጥቁር ሆኗል? ከሥሩ ያለውን መጥበሻም እዩ። አንዳንድ ቦታ ጠዋት ብዙ ሥጋ ይልጡና መጥበሻ ውስጥ፣ በራሱ ጭማቂ ይተዉታል። እንፋሎቱ የተጠበሰውን ጠርዝ መልሶ ያለሰልሰዋል። እንዲህ ያለው ሥጋ ከካርቶኑ ብዙም አይሻልም። ከተላጠ በኋላ ምጣድ ላይ ለአፍታ ሲያደርጉት ስታዩ ግን አትቀየሙ። ጥንቃቄ ነው። በተለይ የተፈጨ ሥጋ ከሆነ ውስጡ በደንብ መብሰሉን ያረጋግጣል፤ ጠርዙንም ይጨምርለታል።

ሰዓትም ትልቅ ነገር ነው። ገበያ በሌለበት ሰዓት ሥጋው ሲዞር ውሎ ይደርቃል። ወይም ባለቤቱ ጋዝ ለመቆጠብ እሳቱን ያጠፋና ደንበኛ ሲመጣ ያበራል። ይህ ከጣዕም ያለፈ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ የምግብ ደንብ ከ5 እስከ 57 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለውን ሙቀት ባክቴሪያ የሚራባበት አደገኛ ክልል ይለዋል። ግማሽ የበሰለ ወፍራም ሥጋ እሳቱ ጠፍቶ ሲቆም የሚገባው እዚያ ክልል ውስጥ ነው። የጠፋ እሳት ያለበት ዘንግ ካያችሁ ውጡ። በሌላ በኩል የምሳ ግርግር ሲበዛ ባለቢላው ገጹ እስኪጠበስ መጠበቅ ያቅተዋል። ጠልቆ ይቆርጣል፤ ፈዛዛ፣ ልፍስፍስ ሥጋ ይሰጣችኋል። ስለዚህ እኔ የምመርጠው ግርግሩ ሊጀምር ሲል ነው። እሳቱ ሞቋል፤ ገጹ ተዘጋጅቷል፤ ሰልፉ ገና ነው።

አሁን ስለ ሥጋው ዓይነት። ሥጋን በቆመ ዘንግ መጥበስ ከኦቶማን ቱርክ የመጣ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የቡርሳ ከተማ ስሟ የሚነሳው በዚህ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1920ዎቹ መጀመሪያ ከትንሿ እስያ፣ ከዛሬዋ ቱርክ፣ የተፈናቀሉ ስደተኞች ግሪክ ሲገቡ የወጥ ቤት ሙያቸውን ይዘው ገቡ። ዛሬ ግሪክ አገር ጋይሮ በአብዛኛው የአሳማ ወይም የዶሮ ሥጋ ነው። ሥጋው አይፈጭም፤ ስስ ሆኖ ተቆርጦ፣ ተቀምሞ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ ይሰካል።

አሜሪካ ሲመጣ ሌላ መልክ ያዘ። ቤቱ ቺካጎ ነው። በ1960ዎቹ የግሪክ ስደተኞች እዚያ ጋይሮ መሸጥ ጀመሩ። በሃልስቴድ ጎዳና የግሪኮች ሰፈር በ1968 የተከፈተው ፓርተኖን ምግብ ቤት ከቀደሙት አንዱ ነበር፤ በ2016 ተዘጋ። በ1970ዎቹ ደግሞ ፋብሪካዎቹ መጡ። ግሪሺያን ዲላይት በ1974፣ ክሮኖስ በ1975 በቺካጎ አካባቢ ሥራ ጀመሩ፤ በ2020 አንድ ሆነዋል። የሚሠሩት ኮኑን ነው። የተፈጨ የከብትና የበግ ሥጋ ከዳቦ ፍርፋሪ፣ ከኦሬጋኖና ከሌላ ቅመም ጋር ይቀላቀላል፤ ተጨምቆ ቅርጽ ይይዛል፤ በረዶ ሆኖ ይላካል። የሙያው ከባድ ክፍል ከወጥ ቤት ወደ ፋብሪካ ተዛወረ። ማንኛውም ትንሽ ቤት ኮኑን ሰክቶ መሸጥ ቻለ። ጋይሮ በየሰፈሩ የደረሰው፣ ዋጋውም የቀነሰው በዚህ ነው።

ኮኑን የሚንቁ ሰዎች አሉ። እኔ አልስማማም። እሳቱ ደህና ከሆነ፣ ባለቢላው ታጋሽ ከሆነ፣ የፋብሪካ ኮን ጥሩ ጋይሮ ይወጣዋል። የበጉ ስብና ኦሬጋኖው አንድ ላይ ሲጠበሱ የሚሰጡት ሽታ ደስ ይላል። በእርግጥ ቤቱ ራሱ ቆራርጦ የደረደረው ሥጋ ይበልጣል፤ ጥርስ ላይ ሥጋነቱ ይታወቃል። እንዲህ የሚሠራ ቤት ካገኛችሁ አጥብቃችሁ ያዙት። ግን ልዩነቱን የምናውቅበት መንገድ ሊኖር ይገባል። ጀርመን አገር ባለው የምግብ መመሪያ፣ በከብት ሥጋ ዶነር (የቱርኮቹ የዘንግ ጥብስ) ውስጥ የሚገባው የተፈጨ ሥጋ ከ60 በመቶ መብለጥ የለበትም። እኛ የምንኖርበት አገር ያለው ምግብ ቤትም ቢያንስ ምናሌው ላይ አንድ መስመር ቢጽፍ ምን ይጎዳዋል? ኮን ነው፣ እዚሁ የተደረደረ ነው፣ ወይም ተቆርጦ የመጣ ነው። በቃ።

ለእኛ ደግሞ ከጣዕም በፊት የሚመጣ ጥያቄ አለ። አሳማ አለበት ወይ? ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይጠይቀዋል፤ መጠየቅም አለበት። አሜሪካ የተለመደው ኮን የከብትና የበግ ነው። ሆኖም የግሪክን ባህል የሚከተሉ አንዳንድ ቤቶች የአሳማ ጋይሮም ይሠራሉ። አውሮፓ ያላችሁ የበለጠ ተጠንቀቁ። ግሪክ አገርም ጀርመን ባሉ የግሪክ ምግብ ቤቶችም ጋይሮ ሲባል ብዙ ጊዜ አሳማ ነው። ዶነር ቤት ከሆነ ግን የከብት ወይም የዶሮ ነው። ሐላል ለሚፈልግ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ በዓረቦች የተያዙ ብዙ ጋይሮ ቤቶች አሉ። ኒው ዮርክ በ53ኛው መንገድና በ6ኛው አቬኑ ጥግ በ1990 በግብፃውያን የተጀመረው ጋሪ፣ ዛሬ ሐላል ጋይስ የሚባለው፣ የታወቀው ጋይሮና ዶሮ በሩዝ ላይ አድርጎ ለሙስሊም ታክሲ ነጂዎች በመሸጥ ነው። ታክሲ ነጂ የተሰለፈበት ቤት ጥሩ ምልክት ነው የምለው ለዚህ ነው። ሥጋው ሳይቆም ይሸጣል፤ ሌሊትም ትኩስ ነው።

ጾሙን በተመለከተ ግሪኮች ከእኛ ሩቅ አይደሉም። እነሱም ረቡዕና ዓርብን ይጾማሉ። ከዐቢይ ጾም በፊት ጺክኖፔምፕቲ የሚሉት ሐሙስ አላቸው፤ በየመንገዱ ሥጋ እየጠበሱ አገሩን በጭስ የሚሞሉበት ቀን ነው። ፋሲካችን አንድ ቀን ስለሆነና የእኛ ዐቢይ ጾም ከእነሱ ቀድሞ ስለሚገባ፣ ያ ሐሙስ የሚውለው እኛ ሰኞ ጾም ልንይዝ ስንል፣ ቅበላችን ላይ ነው። የግሪክ ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ያለው ሰው በዚያ ሳምንት አብሮ ቢበላ መልካም ነው። በጾም ቀን ጋይሮ ቤት የገባ ሰው ደግሞ ከሽምብራ የሚሠራው ፈላፈል ካለ እሱን ይዘዝ፤ ነጩን ስጎ ግን እርጎ ስለሆነ በሰሊጡ ስጎ፣ በታሂኒ፣ ያስቀይር።

ነጩ ስጎ ዛዚኪ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ቤት ይሰንፋል። ውኃው የወጣለት ወፍራም እርጎ ይፈልጋል። ኪያሩ ተፍቆ፣ ጨው ተነስንሶበት፣ በደንብ መጨመቅ አለበት። ነጭ ሽንኩርት፣ የወይራ ዘይት፣ ትንሽ እንስላል መሰል አረንጓዴ ቅጠል። ኪያሩ ሳይጨመቅ ከገባ ስጎው ይቀጥናል፤ ዳቦውን ያበሰብሳል፤ ክርን ድረስ ይወርዳል። ስጎውን ለብቻው በትንሽ ዕቃ አስጠይቁና ቅመሱት። ነጭ ሽንኩርቱ ካልተሰማችሁ ከባልዲ የወጣ ነው።

ዳቦው ውስጡ ኪስ የሌለው፣ ወፈር ያለ ፒታ ይሁን። ዘይት ተቀብቶ ምጣድ ላይ ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ ሲጠቀለልም አይሰነጠቅም። በማይክሮዌቭ የሞቀው ሲበርድ እንደ ጎማ ይሆናል። ቲማቲሙና ቀይ ሽንኩርቱ ትኩስ ከሆኑ ስለ እነሱ ብዙ የምለው የለም። ሰላጣ ቅጠል የሚከምሩበት ቤት ሥጋውን እየቆጠበ ነው ብዬ እጠረጥራለሁ።

ከእኛ ሰዎች ውስጥ እንዲህ ያለ ትንሽ ምግብ ቤት የያዛችሁ አላችሁ። ኪራዩ ከባድ እንደሆነ፣ ሠራተኛ ማግኘት እንደሚያስቸግር ይገባኛል። ቀኑን ሙሉ ኮን ማሽከርከር የማያዋጣ ከሆነ ለምሳና ለእራት ሰዓት ብቻ የሚበቃ ትንሽ ኮን ሰቅላችሁ ጨርሱት። ሰዓቱንም በሩ ላይ ለጥፉ። ሰው በሰዓቱ ይመጣል። ሐበሻ ለጥሩ ሥጋ ከተማ አቋርጦ እንደሚሄድ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

በስልክ አስመጥታችሁ የምትበሉ ከሆነ ተጠቅልሎ እንዳይመጣ እዘዙ። ፎይል ውስጥ የተጠቀለለ ጋይሮ መንገድ ላይ በእንፋሎቱ ይርሳል፤ ከጥሩ ቤት ቢመጣም። ሥጋው፣ ፒታውና ዛዚኪው ለየብቻ ይምጡ። ሥጋውን ዘይት በሌለበት በጋለ መጥበሻ ላይ ዘርግታችሁ ጠርዙ እስኪንኮሻኮሽ ተዉት። በዚያው መጥበሻ ፒታውን አሙቁ። ዛዚኪው ቀዝቃዛ እንደሆነ መጨረሻ ላይ ይግባ፤ ወዲያው ብሉት።