የሽፋን ሊቃውንት

መጽሐፍ አንብቦ የመጨረስ ትርፉ የዓይን ድካም መሆኑን በጊዜ የተረዱ ሰዎች ያሉባት ከተማ ብትኖር ጅማችን ናት። ማንበብ ሌሊት ይፈጃል፣ መብራት ይፈልጋል፣ መብራቱ ከጠፋም ሻማ ያስገዛል። ማድነቅ ግን አንድ ሲኒ ቡና ይበቃዋል፤ ቡናው ሳይበርድ ደራሲው ተመስግኖ፣ ከዓለም ደራሲያን ጋር ተወዳድሮ፣ አሸንፎ ወደ ቤቱ ይገባል።

ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ጀበና ከእሳት የማይወርድበት አንድ በረንዳ አለ። እዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የሚያመሹትን ሰዎች በልቤ «የሽፋን ሊቃውንት» ብያቸዋለሁ፤ በአክብሮት ነው። አለቃቸው ከመስከረም ጀምሮ አንድ ወፍራም መጽሐፍ በብብቱ ይዞ ይዞራል። አሁን ግንቦት ነው። ሽፋኑ ላይ የሲኒ ቂጥ ያተማቸው አራት ክቦች አሉ፤ ገጽ 17 ላይ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ትኬት ተሰክቷል። ትኬቱ ከመስከረም ወዲህ ፈቀቅ ብሎ አያውቅም። «ሕይወቴን የቀየረ መጽሐፍ ነው» ይላል። ውሸት ነው አልልም፤ ቀድሞ እጁን እያወናጨፈ ይሄድ የነበረ ሰው ዛሬ ብብቱን ጨምቆ ነው የሚሄደው።

አንድ ቀን ባለማወቅ፣ «ለመሆኑ ስለ ምን ይናገራል?» ብዬ ጠየቅኩት። በረንዳው ጸጥ አለ። ቡና የምትቀዳው ልጅ እንኳ ጀበናዋን እንደዘቀዘቀች ቀረች። አለቃው በትዕግሥት ተመለከተኝና፣ «ይህማ በአፍ የሚነገር አይደለም፤ ራስህ ብታነበው ነው» አለኝ። ትሕትናውን ተመልከቱ! የማንበቡን ክብር ሁሉ ለእኔ ትቶ የማድነቁን ሸክም ብቻውን ተሸከመ። ሌሎቹም «ይህን ሳታነብ እንዳትሞት» እያሉ በየሳምንቱ አንድ አንድ ርእስ ያሸክሙኛል። ከታዘዝኩት ውስጥ ያልተነበበው ብዛት ሲታይ የኔ ቀብር ገና ሩቅ ነው።

በሙዚቃው በኩል ደግሞ ጅማ የምትደፈር አይደለችም፤ ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1943 የተወለደው እዚሁ ነው። ሰውየው እንግሊዝ ሄዶ ሙዚቃ ተማረ፣ አሜሪካ ተሻገረ፣ የአገራችንን ቅኝቶች ከጃዝ ጋር አዋሕዶ ኢትዮ ጃዝን ፈጠረ። እሱ ይህን ሁሉ ሲለፋ የመኩራቱን ሥራ ያለ እረፍት የምንሠራው ግን እኛ ነን። በቅርቡ አንዱ ሊቅ ከአዲስ አበባ ለመጣ እንግዳ ስለ ሙላቱ ሲያወራ ሰማሁ። «ድምፁ! ሲያዜም እኮ አጥንት ሰርስሮ ይገባል።» እንግዳው ፈራ ተባ እያለ፣ «ቫይብራፎንና ኮንጋ የሚጫወተውን ሙላቱን ነው የምትለኝ?» አለ። ሊቁ አልደነገጠም። «እሱንማ እየዘፈነ ጎን ለጎን ነው» ብሎ ቡናውን ፉት አለ። እንግዳውም የተሸነፈ መሰለኝ፤ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም።

ስለ ፊልም ብዙ ባልናገር ይሻለኛል። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማት ማግኘቱን ከሰማሁ ጀምሮ፣ «የካሜራው ሥራ!» እያልኩ ዓመታት ኖሬአለሁ። ከሁለት ሰዓት በላይ ከሚፈጀው ፊልም ያየሁት እንቅልፍ እስኪወስደኝ ድረስ ያለውን ነው። ይህንን የምናዘዘው ሊቃውንቱ አባል ለመሆን የማቀርበውን ማመልከቻ ሲመረምሩ እንዲያስቡልኝ ነው።

በረንዳውን የሚያሳፍሩ አንድ ሰው ግን አሉ፤ ጥግ ይዘው ጫማ የሚሰፉ ሽማግሌ። ባለፈው በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ተነሣ። አንዱ ሦስት ጊዜ አነበብኩት አለ፣ ሌላው አምስት፤ ጨረታው ሰባት ላይ እንደደረሰ ሽማግሌው ቀና ብለው፣ «እኔስ አላነበብኩትም ልጆቼ፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ነው የሰማሁት» አሉ። አላነበብኩትም! በአደባባይ! ያን ሁሉ ዘመን ኖረው እንዲህ ያለውን ነገር ሰው ፊት እንደማይናገሩት የነገራቸው የለም ማለት ነው።

ይባስ ብለው መተረክ ጀመሩ። ፊታውራሪ መሸሻን በፊታውራሪ ቁጣ፣ ጉዱ ካሳን በጉዱ ካሳ ፌዝ እያሉ ቀጠሉ። ሰብለ ወንጌል በዛብህን ወደምታገኝበት ሲቃረቡ ወስፌው ሶሉ ላይ ቆመ። ክሩን በጣታቸው ጠቀለሉት፣ ፈቱት፣ መልሰው ጠቀለሉት። ከዚያ ወዲያ አልተናገሩም። ሊቃውንቱ በሐዘኔታ ተያዩ። ሰባት ጊዜ ያነበበው ሰው ነው «አዎ፣ ቋንቋው ጥሩ ነው» ብሎ ጨዋታውን ከውርደት ያዳነው።

ዝናቡ የመጣው ይሄኔ ነው፤ የጅማ ዝናብ ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም። አለቃው ሕይወቱን የቀየረውን መጽሐፍ አናቱ ላይ ደፍቶ ባጃጅ ፍለጋ ሮጠ። ትኬቱ ደረጃው ላይ ወደቀ። ሽማግሌው አንሥተው በሱሪያቸው አደረቁትና፣ «ምነው፣ እስከ የት እንዳነበበ ይጠፋበታል እኮ» ብለው ተጨነቁ።

«ግድ የለም ጋሼ» አልኳቸው፤ «ቦታውን አይስተውም።»