ማስተካከያ፦ 40 ቁራጭ ጨርቅ 254 ሳንቲ ሜትር ወርድ አይሰጥም

በአዳማ ስፌት ወዳጆች ዘንድ ሲዘዋወር የሰነበተው ጽሑፍ፣ ተቆርጠውና አንድ ላይ ተጠቅልለው የሚሸጡ 40 ጠባብ ጨርቆች ጎን ለጎን ሲሰፉ 254 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው አልጋ ልብስ ይወጣቸዋል ይላል። ትክክለኛው ልክ 204.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው።

ማረጋገጫው የጥቅሉ መደበኛ ልክና ተራ ሂሳብ ነው። የአንዱ ቁራጭ ወርድ 2.5 ኢንች ወይም 6.35 ሳንቲ ሜትር ነው። ጽሑፉ ይህን በ40 አባዝቶ የስፌቱን ትርፍ ዘንግቷል። በየመጋጠሚያው ከሁለቱም ጨርቅ ሩብ ሩብ ኢንች፣ በድምሩ 1.27 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል። መጋጠሚያዎቹ 39 ስለሆኑ ወደ 49.5 ሳንቲ ሜትር ይጠፋል።

ወርዱ 150 ሳንቲ ሜትር በሆነ አልጋ ላይ በየጎኑ የሚወርደው 52 ሳይሆን 27 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ገበሩና የመሃል ሙሌቱም በ254 ልክ ከተገዙ ይተርፋሉ። ስለዚህ የላዩ ተሰፍቶ ሳይለካ ገበር ባይገዛ ይሻላል።

254 የሚፈልግ 50 ቁራጭ ያዘጋጅ። 40ውን ሰፍቶ የጨረሰ ደግሞ መፍታት አያስፈልገውም፤ የስፌቱን ትርፍ ጨምሮ 26 ሳንቲ ሜትር ወርድ ያለው ጠርዝ በግራና በቀኝ ቢጨምር ይደርሳል።

ቁራጮቹን አስቀድሞ ማጠብ የሚለው የጽሑፉ ምክርም ይቅር፤ ጫፋቸው ይተረተራል፣ እርስ በርስም ይጠላለፋሉ። የሚታጠበው ሁሉም ተሰፍቶ ካለቀ በኋላ ነው። አንዱን መስመር ከላይ ወደ ታች፣ ቀጣዩን ከታች ወደ ላይ መስፋት ግን ትክክል ነው፤ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ከተሰፉ ጨርቁ ይጎብጣል።