ከመስኮቴ ሥር ያለው ወንዝ

የሚያዝያ ቅዳሜ ጠዋት ነበር። የስምንት ዓመቷ ልጄ መስኮቱ ላይ ተደግፋ ቁልቁል እያየች፣ "አባዬ፣ ይሄ ወንዝ ከየት ነው የሚመጣው?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። እዚህ ቤት ሰባት ዓመት ኖረናል። ከሌሊት ፈረቃ ስመለስ ሁልጊዜ በድልድዩ ላይ አልፋለሁ። ውኃው ከየት እንደሚነሳ ግን ጠይቄ አላውቅም።

የምንኖረው በምሥራቅ ፈረንሳይ፣ ዲዦን ከተማ ነው። ሰፈራችን ፎንቴን ዱሽ ይባላል። የኪራይ ፎቆች የተደረደሩበት፣ ከየአገሩ የመጣ ሰው የሚኖርበት ሰፈር ነው። ወንዙ ኡሽ ይባላል። የሰፈሩ ስም ራሱ "የኡሽ ምንጭ" ማለት ነው፤ የወንዙ መነሻ ግን እዚህ አይደለም። እኔ የጎጃም ሰው ነኝ። ልጅ እያለሁ አያቴ ግሽ ዓባይ ድረስ ለጠበል ወስደውኛል። የዓባይን መነሻ ያየሁ ሰው፣ ከመስኮቴ ሥር የሚያልፈውን ወንዝ መነሻ ለልጄ መንገር አቃተኝ።

ከጓደኛዬ መኪና ተዋስኩና ወንዙን ይዘን ወደ ላይ ወጣን።

በውጭ አገር የምንኖር ብዙዎቻችን የምንኖርበትን ቦታ አይተነው አናውቅም። ይሄ ነገር ያሳስበኛል። ሥራና ቤት፣ ቤትና ሥራ። የዓመት ፈቃድ ሲደርስ ወይ አገር ቤት ነው፣ ወይ ፓሪስ ዘመድ ጋ፣ ሠርግ ወይ ክርስትና። ገንዘቡም ልቡም ለዚያ ይቀመጣል። ግድግዳ ላይ አንድ ሥዕል ሳንሰቅል ዓመታት ያልፋሉ፤ ነገ የምንለቀው ቤት ነዋ። ዲዦን እንዴት ናት ብሎ ለጠየቀኝ ሁሉ "ትደብራለች፣ ምንም የላትም" እያልኩ ነው የኖርኩት። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ይባላል። እኔ ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

ከተማውን ወጣ እንዳልን መንደሮቹ ይጀምራሉ። ቬላር ሱር ኡሽ፣ ፍለሬ ሱር ኡሽ፣ ዢሴ ሱር ኡሽ። "ሱር ኡሽ" ማለት ኡሽ ላይ ያለች፣ የኡሽ ዳሯ ማለት ነው። ልጄ ታፔላዎቹን እያነበበች፣ "አባዬ፣ ሁሉም የአባታቸው ስም አንድ ነው!" አለች። እውነቷን ነው። አብዛኞቹ መንደሮች በወንዙ ስም ይጠራሉ።

ከወንዙ ጎን ለጎን የቡርጎኝ ቦይ አብሮ ይሄዳል። 242 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ በሰው እጅ የተቆፈረ ቦይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1832 ነው ከጫፍ እስከ ጫፍ የተከፈተው። መሬቱ ከፍና ዝቅ ስለሚል ጀልባ በቀጥታ ሊሄድበት አይችልም። ስለዚህ 189 የውኃ በሮች ተሠርተውለታል። አንደኛው ጋ ቆምን። ጀልባዋ ሁለት በር መካከል ገባች፣ ከኋላዋ ተዘጋባት፣ ውኃው ቀስ እያለ ሞላ፣ ጀልባዋም አብራ ከፍ አለች። በሩን የምትከፍተው ወጣት እጀታውን በሁለት እጇ ታዞር ነበር። ሞተር የለም፣ ጩኸት የለም። ሩብ ሰዓት ያህል ዝም ብለን አየን። ልጄ እንዲህ ዝም ብላ አይቻት አላውቅም።

ፖን ዱሽ የሚባል ቦታ ሲደርሱ ቦዩ በድልድይ ላይ ሆኖ ወንዙን ይሻገራል። ውኃ በውኃ ላይ ያልፋል ማለት ነው። ከዚያ ይለያያሉ። ቦዩ ወደ ሌላ ሸለቆ ይታጠፋል፣ እኛ ወንዙን ተከተልን።

ገጠሩ ያን ጊዜ የጎመን ዘር አበባ ለብሶ ነበር። ዓይን እስኪያጥበረብር ቢጫ ነው። ባለቤቴ "አደይ አበባ!" ብላ መስኮቱን ከፈተችው። ሻሮሌ የሚባሉት ነጫጭ ከብቶች በየአጥሩ ውስጥ ተኝተዋል። ይሄ ሁሉ ከቤቴ የአንድ ሰዓት መንገድ ላይ ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ እዚያው ነበር።

ገጠሩ ግን ሥዕል አይደለም፤ ሰው የሚኖርበት፣ ሰውም እየለቀቀው ያለ አገር ነው። ለሽያጭ የቀረቡ ቤቶች አየን። በሯ የተዘጋ ዳቦ ቤት አየን፤ ጽሑፏ ገና አልተፋቀም። አንዲት ትንሽ መንደር አደባባይ ላይ በአንደኛው የዓለም ጦርነት የሞቱ ሰዎች ስም የተቀረጸበት ሐውልት አለ። በፈረንሳይ ይህ ሐውልት የሌለበት መንደር ማግኘት ይከብዳል። አንድ የቤተሰብ ስም ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ አነበብኩ። ወንድማማቾች ይሁኑ የአጎት ልጆች አላውቅም። ከሥሩ ትኩስ አበባ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላም የሚያስታውሳቸው አለ። እዚያ ቆሜ እያለሁ ይሄ አገር ለእኔ ከደሞዝና ከወረቀት ሌላ ነገር ሆነብኝ። ሰዎች የተቀበሩበት፣ የተለቀሰበት አገር ሆነ።

ሉሲኚ ሱር ኡሽ ስንደርስ ምንጩን አገኘነው። መንደሯ ውስጥ ነው ያለው። ውኃው ከመሬት ይወጣና መንገዱን ይይዛል፤ በቃ። ልጄ እጇን ነከረችበት፤ "ይቀዘቅዛል" አለች። ከዚያ ቀና ብላ፣ "ግሽ ዓባይም እንዲህ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ስለ ግሽ ዓባይ ስንት ጊዜ ነግሬአታለሁ። አንድም ቀን ጠይቃኝ አታውቅም ነበር። ያን ዕለት ግን ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ስለ ሰከላ፣ ስለ ጠበሉ፣ ስለ አያቴ ነጭ ጋቢ ግማሽ ሰዓት አወራን።

ይህን ሳወራ አንድ የምወደው ታላቄ፣ "ወንድሜ፣ እኛ እዚህ እንግዳ ነን። ልጆቹ ይሄን ሲወዱ ያንን ይረሳሉ" አለኝ። ፍርሃቱ ይገባኛል። እኔም ፈርቼ አውቃለሁ። ግን ያን ቀን ያየሁት ተቃራኒውን ነው። ልጄ የራሷን ወንዝ ምንጭ ስትነካ ነው የአባቷን ወንዝ የጠየቀችው። የምትቆምበት መሬት የሌላት ልጅ የአባቷን አገር በምን ታነጻጽረዋለች? እሷ እንግዳ አይደለችም። የተወለደችው እዚህ ነው። ቤቷን እንደ አውቶቡስ ማቆሚያ እያየን ስናሳድጋት፣ እሷም ቤት የሌላት ሆና ታድጋለች።

ለሁሉም ሰው ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። የመኖሪያ ፈቃዱን ለማደስ ቀጠሮ እየጠበቀ እንቅልፍ ያጣ ሰው፣ አበባ እይ ቢሉት ይከፋዋል። ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው ቅዳሜ የለውም። ለእነሱ ፍርድ የለኝም። እኔ ግን ቅዳሜ ነበረኝ። ቅዳሜዬን ስልክ ላይ አሳልፌዋለሁ። መኪና የለኝም ማለትም ሰበብ ነበር፤ በቦዩ ዳር የብስክሌት መንገድ አለ፣ ከዲዦን ቦን ወደምትባለው ከተማ የሚሄደው ባቡር ደግሞ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም።

ስንመለስ በቦን በኩል ዞርን። ከቦን እስከ ዲዦን መንገዱ ወይን በወይን ነው፤ ከወይን መንደሮቹ ፖማር ቦን አጠገብ ነው፣ ወደ ዲዦን ሲሉ ደግሞ ኑዊ ሴን ዦርዥ፣ ቩዦ፣ ዠቭሬ ሻምበርታን። መሬቱ በትናንሽ ማሳ የተከፋፈለ ነው፤ እያንዳንዱ ማሳ የራሱ ስም አለው። 1,247 ስሞች ናቸው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። ከሁሉም ውድ የሆነው ወይን የሚወጣበት ሮማኔ ኮንቲ 1.8 ሄክታር ብቻ ነው፤ በእኛ ሰባት ጥማድ ገደማ። ከጎኑ ያለው ማሳ በጠባብ መንገድ ይለያል፣ ስሙም ዋጋውም ሌላ ነው። አያቴም ማሳቸውን በስም ነበር የሚጠሩት። "ዋልካው"፣ "የሾላው ሥር"፣ "ከወንዙ ማዶ"። የትኛው ጤፍ እንደሚወድ፣ የትኛው ለገብስ እንደሚሆን ያውቁ ነበር። መሬትን እንዲህ በስሙ ጠርቶ የሚያውቅ ገበሬ ሁለት ቦታ አይቻለሁ።

ረድፎቹ ዳር ባልዲ የሚያካክሉ፣ የተቃጠሉ ጣሳዎች ተደርድረዋል። ሻማ ናቸው። በሚያዝያ ሌሊት ውርጭ ሲመጣ ገበሬው ወጥቶ በመቶ የሚቆጠሩ ሻማዎች ለኩሶ ቡቃያውን ያሞቃል። እ.ኤ.አ. በ2021 ሚያዝያ ላይ የጣለው ውርጭ በመላው ፈረንሳይ ብዙ ወይን አጥፍቷል። የእኛም ገበሬ በረዶ ሲመጣ ሰማይ ሰማይ እንደሚያየው ነው።

አንዱ ረድፍ ጋ መኪናውን አቆምኩት። ለባለቤቴ ያን ቦታ አሳየኋት። ፈረንሳይ በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ መስከረም ላይ፣ እዚያ ወይን ለቅሜአለሁ። በእጅ ነው የሚለቀመው። ጎንበስ፣ ዘለላውን በመቀስ ቁረጥ፣ ባልዲ ሙላ፣ ቀጥል። ከዚያ ሳምንት የማስታውሰው ወገቤንና የባልዲውን እጀታ ብቻ ነው። ከረድፉ በላይ ደን ያለበት ኮረብታ አለ፤ ከታች ሜዳው እስከ አድማስ ተዘርግቷል። ያን ጊዜም እዚያው ነበር። ቀና ብዬ አላየሁትም። የቸኮለ፣ ወረቀት የሌለው፣ ነገ ምን እንደሚሆን የማያውቅ ሰው ነበርኩ፤ አልፈርድበትም። ከዚያ በኋላ ግን ወረቀቱ መጣ፣ ሥራው መጣ፣ ልጅ ተወለደች። አንገቴ ግን እንዳቀረቀረ ቀረ።

ሰኞ ማለዳ ከሥራ ስመለስ ድልድዩ ላይ ቆምኩ። ውኃው ትንሽ ደፍርሶ ነበር፤ ላይ ዘንቦ መሆን አለበት። የት የት መንደር እንዳለፈ በስማቸው ቆጠርኳቸው። ቤት ስገባ ልጄ ለትምህርት ቤት እየለበሰች ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ ታች እንድንወርድ ትፈልጋለች፤ ኡሽ ከሶን ወንዝ ጋር እስከሚገናኝበት፣ ሴን ዣን ደ ሎን አካባቢ ድረስ። ጓደኛዬን መኪናውን ለምኜዋለሁ።